ካኪ ከረጢትና ካርቶን ለምትሠሩ፦ ወረቀት ሳይባክን የመቁረጥ መመሪያ

አሶሳ ላይ ካኪ ከረጢት እየሠራችሁ ለሱቅ፣ ለዳቦ ቤት ወይም ለቡና ቆዪ የምታቀርቡ ከሆነ፣ አሊያም ለማንጎና ለማር ካርቶን የምትቆርጡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል የወረቀት ከረጢት ፈላጊው በዝቷል። ችግሩ ወረቀቱ ሩቅ መሆኑ ነው። አብዛኛው ከአዲስ አበባ ተጭኖ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው አሶሳ የሚገባው። ከጠረጴዛችሁ ሥር የሚወድቀው ብጣሽ ሁሉ የወረቀት ብቻ ሳይሆን የመኪናም ዋጋ ተከፍሎበታል።

ከረጢት ተንጋዶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኮላ የሚቀባው ልጅ ነው። ነገር ግን ቅዱ ሲቆረጥ ሦስት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ የትኛውም ሠራተኛ ቀጥ አድርጎ ሊያጥፈው አይችልም። ትርፍና ኪሳራው የሚለየው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም ብዙው ምላጩ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ነው። ከዚህ በታች ለአንድ ከረጢት ወይም ለአንድ ካርቶን የሚሆነውን፣ ተቆርጦ ገና ያልታጠፈውን ቁራጭ «ቅድ» እንለዋለን።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

ለመጀመር ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማሽን አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። የሚከተሉት ይበቃሉ፦

- ባለ 1 ሜትር የብረት ማስመሪያ። የፕላስቲክና የእንጨት ማስመሪያ ጠርዙን ካተር ስለሚበላው ከጥቂት ቀን በኋላ መስመሩ ይጎብጣል።
- ወፍራም ካተር ከመለዋወጫ ምላጭ ጋር።
- ስኳድራ፣ የብረት ሜትርና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ።
- ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የማይወዛወዝ ጠረጴዛ፤ ላዩ ላይ የሚነጠፍ ኮምፖንሳቶ።
- ሁለት አንጎላሬና ሁለት ሞርሳ።
- ለማጠፊያ መስመር ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ፣ ወይም ጫፉ ተጠርቦ የተለሰለሰ የቀርከሃ ስንጥር።
- የተሰበረ ምላጭ የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ።

ጠረጴዛው ከወገባችሁ ትንሽ ዝቅ ቢል ይመረጣል። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ የሚቆርጥ ሰው ኃይሉን ከትከሻው ስለሚያመጣው ካተሩ ወደ ጎን ይሸሻል።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ከመሬት፣ ከእርጥበትና ከምስጥ አርቁ

ወረቀት አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይለቃል። ሲስብ ይለጠጣል፣ ሲለቅ ይኮማተራል። በክረምት በእርጥብ ወረቀት ላይ ለክታችሁ የቆረጣችሁት ቅድ ሲደርቅ ልኩ ይቀንሳል። በበጋው ሙቀት ደግሞ ወረቀቱ ይደርቅና ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ካርቶንም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ማንጎው በብዛት የሚወርደው በጋው ወጥቶ ዝናቡ በሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ካርቶን የምትቆርጡበት ጊዜ አየሩ ከሚለዋወጥበት ጊዜ ጋር ይገጥምባችኋል።

ስለዚህ ወረቀቱ እንደመጣ ጥቅሉን ሳትፈቱ በምትቆርጡበት ክፍል ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ የክፍሉን አየር ይልመድ። በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ከግድግዳም አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ቀርከሃ በእጃችሁ ነውና ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የቀርከሃ መደርደሪያ ማሠራት ብዙ ወጪ የለውም።

በዚህ አካባቢ ከዝናቡ እኩል የሚያሰጋው ምስጥ ነው። የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁሙ፤ ቆርቆሮዎቹ ግን ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ ውጭ የወጡ ይሁኑ። ዘይት የነካው ወረቀት ኮላ አይዝም፤ ለምግብም አይሆንም። መደርደሪያውን በየሳምንቱ ከሥር እያያችሁ የምስጥ አፈር መስመር ካገኛችሁ ወዲያው ጥረጉ።

የተለመደው ስህተት፦ መኪናው እንዳራገፈ፣ ትእዛዙ አጣዳፊ ነው በሚል ወረቀቱን በዚያው ሰዓት መቁረጥ።

ደረጃ 2፦ የወረቀቱ ክር በየት በኩል እንደሚሄድ እወቁ

ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫዎቹ አብዛኞቹ ማሽኑ በሚሮጥበት አቅጣጫ ይተኛሉ። በዚህ ምክንያት ማንኛውም ወረቀት በአንድ በኩል «ክር» አለው። በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት ይጠነክራል፣ ሲታጠፍም እጥፋቱ ንጹሕ ይሆናል። ክሩን አቋርጣችሁ ስታጥፉት ይሸካክራል፤ እርጥበት ሲነካውም በዚያ በኩል በብዙ እጥፍ የበለጠ ይለጠጣል።

በጥቅል የመጣ ወረቀት ከሆነ ክሩ የሚሄደው ጥቅሉ በሚፈታበት አቅጣጫ ነው። በሉክ የመጣ ከሆነ ግን መፈተን አለባችሁ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከሉኩ ጥግ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የሉኩን ረጅም ጎን የሚያሳይ ቀስት በእርሳስ ሥሩበት። አንዱን ፊቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ቱቦው ርዝመቱን ይዞ የተኛበት አቅጣጫ ክሩ የሚሄድበት ነው። ያንን ከሣላችሁት ቀስት ጋር አስተያዩና ለጠቅላላው ክምር በማርከር ምልክት አድርጉበት።

ለከረጢት ክሩ ከአፉ ወደ ታች፣ በቁመቱ እንዲሄድ አድርጉ። ስኳር ወይም ሽንኩርት የሞላ ከረጢት ሸክሙን የሚሸከመው በቁመቱ ነውና። ባለ ሞገድ ካርቶን ከሆነም ሕጉ ተመሳሳይ ነው፦ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያሉት ሞገዶች ካርቶኑ ሲቆም ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ሞገዱ ጋደም ካለ ካርቶኑ ላይ ሌላ ካርቶን ሲደረብበት ይጨፈለቃል።

የተለመደው ስህተት፦ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ቅድ በቁመት፣ ሌላውን በአግድም አደባልቆ መቁረጥ። ከአንድ ሉክ የወጡት ከረጢቶች ግማሾቹ ይጠነክራሉ፣ ግማሾቹ ደንበኛው መንገድ ላይ ሳለ ይቀደዱበታል።

ደረጃ 3፦ የቅዱን ልክ አስሉ

ደንበኛ የሚነግራችሁ የተሠራውን ከረጢት ልክ ነው፤ እናንተ የምትቆርጡት ግን ቅዱን ነው። የታችኛው ክፍል ተዘርግቶ ለሚቆም ከረጢት ስሌቱ እንዲህ ነው፦

የቅዱ ወርድ = 2 × (የከረጢቱ ስፋት + የጎኑ ስፋት) + 2 ሳንቲ ሜትር ለማጣበቂያ።
የቅዱ ቁመት = የከረጢቱ ቁመት + የጎኑ ስፋት ግማሽ + 2 ሳንቲ ሜትር ለታችኛው እጥፋት + 3 ሳንቲ ሜትር ለአፉ እጥፋት።

ምሳሌ እንውሰድ። ደንበኛው 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጎን፣ 28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከረጢት አዘዘ። ወርዱ 2 × (22 + 10) + 2 = 66 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 28 + 5 + 2 + 3 = 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ቅዱ 66 በ38 ነው።

ጎን ለሌለው ጠፍጣፋ ከረጢት፣ ለምሳሌ ለቆሎ፣ ለለውዝ ወይም ለተፈጨ ቡና፣ ወርዱ የስፋቱ እጥፍ ሲደመር 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ የከረጢቱ ቁመት ሲደመር ለታችኛው እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር ነው።

የተለመደው ስህተት፦ የማጣበቂያውን 2 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ወደ 1 ማውረድ። ኮላው የሚይዝበት ስፍራ ያጣና ከረጢቱ በጎኑ ይከፈታል።

ደረጃ 4፦ ከመቁረጣችሁ በፊት ሉኩን ደልድሉ

ገንዘቡ ያለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ሥሩት። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሉክ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው። ክሩ በ100ው በኩል እንደሚሄድ አረጋግጠናል እንበል። 66 በ38 የሆነው ቅዳችን በወርዱ 70ው ላይ አንድ ጊዜ ይገባል። በቁመቱ 100ው ላይ ሁለት ጊዜ ይገባና 24 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ከሉኩ 7,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ውስጥ የተጠቀምንበት 5,016 ብቻ ነው፤ 28 በመቶው ብጣሽ ሆነ። ባለ 100 ግራም ካኪ (በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝን) ከሆነ አንድ ሺህ ሉክ 70 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 20 ኪሎ ያህሉን ከአዲስ አበባ ድረስ አስጭናችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ሁለት መውጫ አለ።

አንደኛው ከደንበኛው ጋር መነጋገር ነው። የከረጢቱ ቁመት ከ28 ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ቅዱ 66 በ33 ይሆናል፤ ከአንድ ሉክም ሦስት ይወጣል። የሚባክነው ከ7 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ከሺህ ሉክ 2,000 ይወጣ የነበረው ከረጢት 3,000 ይሆናል። ለዳቦ ወይም ለፍራፍሬ የሚፈልገው ሰው 5 ሳንቲ ሜትሩን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፤ የዋጋ ቅናሹን ግን ያስተውለዋል። ያንኑ ቁመት የግድ ከፈለገ የአፉን እጥፋት ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ጠይቁት፤ 26 ሳንቲ ሜትር ድረስ ትሰጡታላችሁ።

ሁለተኛው መውጫ ልኩ የማይነካ ከሆነ የተረፈውን ሌላ ዕቃ ማድረግ ነው። ሁለቱን 66 በ38 ቅዶች ካወጣችሁ በኋላ ከሚቀረው 24 በ70 ላይ 22 በ23 የሆኑ ሦስት ትንንሽ ቅዶች ይወጣሉ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 21 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው የለውዝ ከረጢቶች ናቸው። ብክነቱ በዚህም መንገድ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ክሩም በቁመት እንደሆነ ይቀራል።

ሁለቱንም ስትደለድሉ ከሉኩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ለመጀመሪያው ጠርዝ ማስተካከያ ተዉ። ከላይ ያሉት ስሌቶች ይህን አስልተው የተቀመጡ ናቸው፤ 33 ሦስት ጊዜ 99 ነው፣ 38 ሁለት ጊዜና 23ም ሲደመሩ 99 ናቸው።

ድልድሉን በትንሽ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። አንድ ሳንቲ ሜትር ሥዕል 10 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ይሁን። ሠራተኛ ቢቀየር ሥዕሉ አይቀየርም።

የተለመደው ስህተት፦ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ወረቀት ገዝቶ፣ ከዚያ መደልደል። ድልድሉ ከግዢ በፊት መሆን አለበት፤ ለአንዳንድ ልክ 61 በ86 ሉክ ወይም ጥቅል ወረቀት ከ70 በ100 ይሻላልና።

ደረጃ 5፦ የጠረጴዛውን ማዕዘን አስተካክሉ

እያንዳንዱን ሉክ ከአዲስ መለካት ጊዜ ይፈጃል፤ ስህተትም ያበዛል። ይልቁንስ ሁለት አንጎላሬ ኮምፖንሳቶው ላይ በቀጤ ማዕዘን ቸንክሩ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ ከፊታችሁ። ወረቀቱ ሁልጊዜ እነዚህ ላይ ተገፍቶ ይቆማል።

ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን በትንሽ ስኳድራ ብቻ አትመኑ። ግንበኞች የሚያደርጉትን አድርጉ፦ ከማዕዘኑ ጀምራችሁ በአንዱ አንጎላሬ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። 100 ከ3 ሚሊ ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ተከፍቷል፤ 99 ከ7 ከመጣ ተጨናንቋል። ሚስማሩን ነቅላችሁ አስተካክሉ። እንጨት በክረምት ስለሚያብጥ ይህን ፍተሻ በየወሩ ድገሙት።

ደረጃ 6፦ ፎርማ አሠሩ

የምትደጋግሙት ልክ ካለ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከወፍራም ላሜራ በቅዱ ትክክለኛ ልክ ፎርማ አስቆርጡ። ጠርዙን በሞረድ አስለስሉት፤ ሸካራ ጠርዝ ካተሩን ይይዘዋል። የማጠፊያ መስመሮቹ የሚያልፉባቸውን ቦታዎች በጠርዙ ላይ በትንንሽ ጭረቶች አመልክቱ። ልኩንና የምትሠሩለትን ዕቃ በማይጠፋ ቀለም ላዩ ላይ ጻፉ፦ «ዳቦ 66 × 33» እንደማለት።

ከካርቶን የተሠራ ፎርማ ለሙከራ ብቻ ይሁን። በተቆረጠበት ቁጥር ጠርዙ እየተላገ ይሄድና በሳምንቱ መጨረሻ የሚወጣው ቅድ ከሰኞው ያንሳል። አዲስ ፎርማ ስታሠሩ ደግሞ ከአሮጌው ላይ አትገልብጡ፤ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ተነሡ።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ሁለት ጠርዝ አቅኑ

ከፋብሪካም ሆነ ከነጋዴ የመጣ ሉክ አራቱም ማዕዘኑ ቀጥ ነው ብላችሁ አትነሡ። ከአራቱ ጠርዞች ሁለቱን፣ ማለትም አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጠርዝ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር አስተካክላችሁ ቁረጡ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ጥግ በእርሳስ በትንሽ ክብ ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ልኬት የሚጀምረው ከዚያ ጥግ ነው።

ሦስት ቅድ ለማውጣት 33 ለክቶ ቆርጦ፣ ከተቆረጠው ጠርዝ እንደገና 33 መለካት ስህተትን ያከማቻል። በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ብትስቱ ሦስተኛው ላይ 3 ይደርሳል። ይልቁንስ ሜትሩን አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ 33፣ 66 እና 99 ላይ ምልክት አድርጉ። ስህተት ቢኖር እንኳ በየቅዱ ይቀራል እንጂ አይደራረብም።

ደረጃ 8፦ ቁረጡ

ስንት ሉክ ይደረብ? ከ80 እስከ 100 ግራም ለሆነ ካኪ በካተር ከ5 እስከ 8 ሉክ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ምላጩ ወደ ታች ሲወርድ ይጋደልና የላይኛውና የታችኛው ሉክ ልካቸው ይለያያል። ክምሩን በሁለት ሞርሳ እሰሩት፤ በሞርሳውና በወረቀቱ መካከል ቁራጭ ካርቶን አስገቡ፣ አለበለዚያ ጥርሱ ወረቀቱ ላይ ይታተማል።

ማስመሪያውን የምታሳርፉት ቅዱ በሚቀርበት በኩል ነው። ካተሩ ቢያመልጥ እንኳ የሚያበላሸው ብጣሹን ይሆናል። ማስመሪያውን በመዳፋችሁ ሳይሆን በጣቶቻችሁ ጫፍ በሰፊው ተጫኑት፤ አውራ ጣት ከማስመሪያው ጠርዝ ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ካተሩን ጋደል አድርጋችሁ ወደራሳችሁ ጎትቱ፤ ሰውነታችሁ ግን ከምላጩ መስመር ወደ ጎን ይሁን። አንድ ጊዜ በኃይል ከመቁረጥ ሦስት አራት ጊዜ በቀላሉ መመላለስ ይሻላል።

ምላጩ መደነዙን ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። ጸጉር ያወጣ፣ የጎረበጠ ከሆነ የምላጩን ጫፍ በፒንሳ ሰብራችሁ ወደ ቆርቆሮው ጣሉ። የደነዘ ምላጭ ርካሽ አይደለም፤ የሚያበላሸው ወረቀት ከምላጩ ዋጋ ይበልጣል፣ ኃይል ስለሚጠይቅም እጅ የሚቆርጠው እርሱ ነው።

የአቆራረጡ ቅደም ተከተልም ይጠበቅ። መጀመሪያ የሉኩን ወርድ ወደ 66 አውርዱ፤ ከዚያ 33፣ 66ና 99 ላይ ቁረጡ። ከጎኑ የሚወጣውን ረጅም ቀጭን ብጣሽ ለእጀታ ማጠናከሪያ ወይም ለጥቅል ማሠሪያ ለብቻው ሰብስቡት፤ ወለል ላይ ከተረገጠ አይጠቅምም።

በጊሎቲን፣ ማለትም በወረቀት መቁረጫ ማሽን፣ የምትቆርጡ ከሆነ ክምሩን በጠረጴዛ ላይ በጠርዙ እየመታችሁ አስተካክሉ፣ አየሩም ይውጣ። ከላይና ከታች አንዳንድ ቁራጭ ካርቶን አድርጉበት። ክምሩን የሚይዘው የማሽኑ ጨቋኝ በደንብ ካልተጫነ ምላጩ የላይኞቹን ሉኮች ጎትቶ ልካቸውን ያዛባዋል።

ደረጃ 9፦ አንዱን ቅድ ፈትሹ፣ ከዚያ ቀጥሉ

ከየክምሩ የላይኛውንና የታችኛውን ቅድ አውጥታችሁ ሰያፉን ለኩ፤ ከላይ ግራ ጥግ እስከ ታች ቀኝ ጥግ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ለ66 በ33 ቅድ ሁለቱም ሰያፎች 73.8 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። በሁለቱ መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ቅዱ ተዛብቷል፤ ጎኖቹ ትክክል ቢለኩ እንኳ ከረጢቱ ሲታጠፍ አፉ ይንጋደዳል። የላይኛው ትክክል ሆኖ የታችኛው ከተዛባ ጥፋቱ የምላጩ መጋደል ነው፤ የምትደርቡትን ሉክ ቀንሱ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ከተዛቡ ጥፋቱ የማዕዘኑ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ሁለት መቶ ሉክ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ቅድ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ፣ አጣብቃችሁ፣ ሊሸከም የታሰበውን ክብደት ጨምራችሁ አንሡት። ደንበኛው ራሱ ቢያየው ደግሞ ይመረጣል።

ደረጃ 10፦ የማጠፊያውን መስመር ስጡ

መስመር ያልተሰጠው ወረቀት የሚታጠፈው እጅ ባዘነበለበት ነው። ፎርማው ላይ ያሉትን ጭረቶች በማስመሪያ አገናኝታችሁ ቀለም በጨረሰው እስክሪብቶ ወይም በቀርከሃው ስንጥር ጫን ብላችሁ አስምሩ። መስመሩ ወረቀቱን መጨቆን እንጂ መቁረጥ የለበትም፤ በብርሃን ፊት ስትይዙት ቀዳዳ ካሳየ በዝቷል። አንድ በአንድ ነው የሚሠራው፤ ተደርቦ ሲሰመር ከሁለተኛው ሉክ በታች ያለው አይደርሰውም።

ደረጃ 11፦ ለካርቶን የሚጨመሩ ጥንቃቄዎች

ካርቶን ውፍረት አለው፤ ውፍረቱ ካልታሰበ ክዳኑ አይገጥምም። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ካርቶን ውስጡ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የማንጎ ካርቶን ብትሠሩ ለእያንዳንዱ ጎን 0.4 ጨምሩ፤ ለቁመቱ ደግሞ 0.8። ትልቅ ሉክ ካላገኛችሁ ከሁለት ግማሽ ቅድ ሥሩት። እያንዳንዱ ግማሽ ወርዱ 40.4 + 30.4 + 3.5 ለማጣበቂያ፣ በድምሩ 74.3 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ 15.2 የታች ክዳን፣ 20.8 አካል፣ 15.2 የላይ ክዳን፣ በድምሩ 51.2 ነው። ሞገዱ በ51.2ው አቅጣጫ ይቁም። በክዳኖቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ስፋቱ የካርቶኑ ውፍረት እጥፍ ይሁን፤ በጠባብ ስንጥቅ ክዳኖቹ ይፋተጋሉ።

ማንጎ ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሙቀትም ያወጣል። ለአየር የሚተወው ቀዳዳ የጎኑን ስፋት 5 በመቶ ያህል ቢይዝ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ካርቶኑ ይደክማል። 40 በ20 በሆነው ጎን ላይ ዲያሜትራቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ማለት ነው። ከማዕዘኑና ከማጠፊያው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ ሸክሙን የሚይዙት ማዕዘኖቹ ናቸው። ጫፉ የተሳለ የብረት ቧንቧ ቁራጭ በመዶሻ ብትመቱበት በካተር ከመዞር የበለጠ ንጹሕ ቀዳዳ ይወጣል። አጭሩን ጎን ለእጅ መያዣ ተዉት።

ያገለገለ ካርቶን እየቆረጣችሁ ከሆነ ውኃ የነካውን፣ ሞገዱ የተጨፈለቀውንና የሚሸተውን ለዩ። የጸረ ተባይ፣ የሳሙና ወይም የነዳጅ ውጤት የነበረበት ካርቶን ለፍራፍሬ አይሆንም። እንዲሁም የሲሚንቶና የማዳበሪያ ከረጢት ወረቀት ጠንካራ ቢሆንም ለዳቦም ሆነ ለቡና አትጠቀሙበት።

ደረጃ 12፦ ቁጠሩ፣ እሰሩ፣ መዝግቡ

ቅዶቹን በሃምሳ በሃምሳ ቆጥራችሁ ክራቸውን በአንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ እሰሩ። ከላይ የልኩን ስም፣ ቀኑንና የቆረጠውን ሰው ስም የያዘ ብጣሽ አኑሩበት። የቆረጠው ሰው የሚጻፈው ለመውቀስ አይደለም፤ ስህተት ሲገኝ የትኛው ጠረጴዛ ወይም የትኛው ፎርማ እንደተዛባ ፈጥኖ ለማወቅ ነው።

በአንድ ደብተር ላይ አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ የገባው ሉክ፣ የወጣው ደህና ቅድ፣ የተበላሸው ቅድ፣ የብጣሹ ክብደት። የብጣሹን ክብደት ለገባው ወረቀት ክብደት ስታካፍሉት ብክነታችሁ በመቶኛ ይወጣል። ከድልድሉ የሚጠበቀው 7 በመቶ ሆኖ የመዘናችሁት 12 ከሆነ 5 በመቶው የጠፋው በእጅ ሥራ ነው፤ ወደ ደረጃ 8ና 9 ተመለሱ። የመዘናችሁት ከድልድሉ ጋር ከገጠመ ግን ልጆቹን አትጨቅጭቁ፤ ማሻሻል ያለባችሁ ድልድሉን ወይም የምትገዙትን የሉክ ልክ ነው።

ማሽን መግዛት ስታስቡም ይህንኑ ደብተር አማክሩ። ትእዛዝ እየመለሳችሁ ያለው ቅድ ስላልደረሰ ከሆነ ጊሎቲን ይጠቅማችኋል፤ መቁረጫ ማሽን ያለው ማተሚያ ቤት በአገልግሎት ክፍያ የሚቆርጥላችሁ ከሆነም መጀመሪያ ያንን ሞክሩ። ስትሄዱ የድልድሉን ሥዕል፣ የክሩን አቅጣጫና መነሻ ጥጉ ምልክት የተደረገበትን ክምር ይዛችሁ ሂዱ። ቅዱ ተትረፍርፎ ሥራው የሚቆመው ማጣበቂያው ላይ ከሆነ ግን ማሽኑ ክምር ከማብዛት በቀር የሚጨምርላችሁ የለም፤ ገንዘቡን ለሁለተኛ የማጣበቂያ ጠረጴዛ አውሉት።